የትንሿ መኪና ትልቅ ሞተር

ሃምሳ ስድሳ ዓመት የሞላትን ትንሽ የስፖርት መኪና የገዛ ሰው፣ ኮፈኗን ከፍቶ አብሯት የተሠራውን ሞተር በሰንሰለት አንጠልጥሎ ካወጣ በኋላ እጥፍ የሚያህል ሌላ ሞተር ቢያስገባባት፣ ምን አደረገ እንበል? አሻሻላት? ለወጣት? ወይስ መልኳን ብቻ አስቀርቶ በእሷ ስም ሌላ መኪና ሠራ? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት የጋራዥ ነው፤ መካኒኩ ለክቶ «ይገባል» ወይም «አይገባም» ብሎ የሚዘጋው። ውሎ ሲያድር ግን ሜትር የማይደርስበት ነገር እንዳለው ይታያል። የሞተሩ ርዝመትና ስፋት ይለካል፤ መኪናዋ እሷነቷን የምታጣው በስንተኛው ሴንቲሜትር ላይ እንደሆነ የሚነግረን መለኪያ ግን የለም። በዚህ ጉዳይ ሰዎች በሁለት ወገን ተከፍለው ሲከራከሩ ብዙ ሰምቻለሁ። አንደኛው ወገን አሮጌ መኪና ቅርስ ናት፣ ብሎኗ እንኳ አይነካ ይላል። ሌላው ደግሞ መኪና የተሠራችው ልትነዳ ነው፣ በደንብ እንድትነዳ የሚያደርጋት ነገር ሁሉ ክብሯ እንጂ ውርደቷ አይደለም ይላል። የሁለቱም ክርክር ከልብ ነው፤ ሁለቱም ግን የሚነሡት ትልቅ ሞተር ምን ማለት እንደሆነ ከታወቀና ካለቀ በኋላ ይመስል ነው። እኔ የምጠራጠረው ከዚያው ከመነሻው ነው።

የአንድ ሞተር ትልቅነት ምንድን ነው? በወረቀት ላይ መልሱ ቀላል ነው፤ ፒስተኖቹ ሲወጡና ሲወርዱ የሚጠርጉት ቦታ በሲሲ ይሰላል፣ ቁጥሩ የበለጠው ትልቅ ይባላል። የእንግሊዟ ኤምጂቢ ግን ይህን መልስ የምታናጋ ምስክር ናት። እ.ኤ.አ. በ1962 ከአቢንግደን ፋብሪካ ስትወጣ 1798 ሲሲ የሆነ፣ ባለ አራት ሲሊንደር የጊዛ ሞተር ነበራት፤ ጉልበቱም 95 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ነው። አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1967፣ ፋብሪካው ራሱ በዚሁ አካል ላይ 2912 ሲሲ የሆነ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ጫነና ኤምጂሲ ብሎ ሰየማት። አዲሱ ሞተር ከቀድሞው 95 ኪሎ ገደማ ይከብዳል። ርዝመቱ ራዲያተሩን ወደ ፊት ገፋው፤ ቁመቱ ኮፈኑን ወደ ላይ አስነፋው፤ ያም አልበቃ ብሎ በአንድ ጎን ለካርቡራተሩ ሲባል ሌላ ትንሽ እብጠት ተጨመረበት። የፊት ጎማዎቹን የሚሸከመው ሞላ ቦታ ስላጣ ተነሥቶ፣ በወለሉ ሥር ወደ ኋላ በተዘረጉ የሚጠመዘዙ የብረት ዘንጎች ተተካ። በጊዜው የነዷት ጋዜጠኞች አፍንጫዋ እንደከበዳት፣ መሪው ሲዞር ወደ ኩርባው ለመግባት እንደምትለግም ጻፉ። በ1969 ምርቷ ሲቆም ዘጠኝ ሺህ ገደማ ብቻ ተሠርታ ነበር።

አሁን ደግሞ ሌላውን ሞተር እንመልከት። በ1961 አሜሪካ ውስጥ ለቢዊክ መኪና የወጣ፣ ስምንት ሲሊንደሮቹ በሁለት ረድፍ ተከፍለው የተቀመጡ፣ ከአሉሚኒየም የተሠራ ሞተር ነበር። የቢዊክ ባለቤት ጄኔራል ሞተርስ በ1963 ተወው፤ የእንግሊዙ ሮቨር በ1965 የማምረት መብቱን ገዝቶ የራሱ አደረገው። ሮቨር የሠራው 3528 ሲሲ ነው። የኤምጂቢን ሞተር እጥፍ ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው፤ የኤምጂሲውንም በስድስት መቶ ሲሲ ይበልጠዋል። ክብደቱ ግን ከዚያ ከትንሹ የጊዛ ሞተር ክብደት እምብዛም አይርቅም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኬን ኮስቴሎ የተባለ እንግሊዛዊ ይህን ሞተር በራሱ ጋራዥ በኤምጂቢ ላይ እየገጠመ መሸጥ ጀመረ። ካርቡራተሮቹ ከፍ ብለው ስለሚቀመጡ የእሱ መኪኖች ኮፈን እብጠት ነበረው። ፋብሪካው ሥራውን አይቶ በ1973 የራሱን ባለ ስምንት ሲሊንደር መኪና ሲያወጣ ግን ካርቡራተሮቹን ወደ ኋላ፣ ወደ ክሩስኮቱ ግድግዳ አስጠግቶ ስላሰራቸው ያው የኤምጂቢ ኮፈን አንዳች ሳይነካ ልክክ ብሎ ተከደነ። ከውጭ ለሚያያት መኪናዋ ምንም አልሆነችም። ከሁለቱ ትልልቅ ሞተሮች በሲሲ የሚበልጠው መኪናዋን ሊያውካት ሳይደርስ፣ በሲሲ የሚያንሰው አፍንጫዋን አሳበጠው፣ አካሄዷንም አበላሸው። ታዲያ የትኛው ነው ትልቁ?

ትልቅነት በሞተሩ ውስጥ ብቻ ያለ ጠባይ አይደለም ብል የደፈርኩ አይመስለኝም። ሞተሩ ከሚገባበት አካል ጋር ባለው ግንኙነት የሚወሰን ነገር ነው። አንድ ሞተር ጋራዥ ወለል ላይ ተቀምጦ ሳለ ትልቅም ትንሽም አይደለም፤ የሚተልቀው ወይም የሚያንሰው ከአንዲት መኪና ጋር ሲገናኝ ነው። እንዲያም ሆኖ ግንኙነቱ የቦታ ብቻ ቢሆን ኖሮ መካኒኩ በሜትሩ በጨረሰው ነበር። የጉልበትም ነው። ከሞተሩ የሚነሣው ጉልበት አስፋልቱ ላይ እስኪደርስ በፍሪሲዮኑ፣ በካምቢዮው፣ በዲፈረንሻሉ፣ በኋላ ጎማዎቹ ያልፋል፤ እነዚህም ሁሉ የተሠሩት ለሚያውቁት ጉልበት ተሰልተው ነው። ያንን የሚያህል ፍጥነት የሚያቆመው ፍሬን፣ ያንን ሙቀት የሚያበርደው ራዲያተር፣ ያንን ክብደት የሚያዞረው መሪ በሙሉ የመጀመሪያውን ሞተር መጠን በሆዳቸው ይዘው ነው የተወለዱት። ከጥንድ በሬው አንዱን ብቻ በጉልበተኛ የለወጠ ገበሬ እርሻው አይቀናለትም፤ ቀንበሩ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል፣ ደካማውም በሬ ይደክማል። ልክክ ብላ የተከደነችው የ1973ቷ መኪና እንኳ ከዚህ አላመለጠችም። መጀመሪያ ላይ ኦቨርድራይቭ የሚባለው ተጨማሪ ማርሿ በሦስተኛም በአራተኛም ማርሽ ይሠራ ነበር፤ ብዙ ሳይቆይ በአራተኛ ብቻ እንዲሆን ተደረገ፤ በሦስተኛ የሚመጣውን ግፊት ካምቢዮው አልቻለውምና። ኮፈኑ ምንም አልሆንኩም እያለ ከሥሩ ያለው ጥርስ የደረሰበትን ያውቃል። እስከ 1976 ድረስ የተሠሩት 2591 ብቻ ናቸው።

እንግዲህ ሞተር ከመኪና ክፍሎች አንዱ ነው ስንል ግማሽ እውነት ነው የምንናገረው። ክፍልማ ክፍል ነው፣ ይፈታል፣ ይወጣል። ግን ደግሞ ሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ የተለኩበት ልክ ነው። ልክን ለውጦ የተለካውን እንዳለ ማስቀመጥ ይቻላል ወይ? ይህን ስጠይቅ ሁልጊዜ በሐሳቤ የሚመጣብኝ ሰንቢም ታይገር የምትባለው መኪና ናት። ይቺ በ1964 ሰንቢም አልፓይን በምትባል ትንሽ የእንግሊዝ መኪና ላይ የፎርድን 4.2 ሊትር ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር በመግጠም የተሠራች ናት፤ የመጀመሪያውን ሙከራ ካደረጉት መካከል አሜሪካዊው ካሮል ሼልቢ ይገኝበታል። ሞተሩ ገባ። ነገር ግን ከመጨናነቁ የተነሣ በስተኋላ ካሉት ካንዴላዎች አንዱን በኮፈኑ በኩል በእጅ ማግኘት አይቻልም ነበር፤ ስለዚህ በሞተሩና በተሳፋሪው መካከል ያለው የብረት ግድግዳ ተበስቶ በጎማ ውታፍ ተደፈነ። ካንዴላውን መቀየር የፈለገ መካኒክ መኪናው ውስጥ ገብቶ፣ እግር በሚቀመጥበት በኩል አጎንብሶ፣ ውታፉን ነቅሎ፣ ቁልፉን በቀዳዳው አሾልኮ ይፈታል።

ያቺን ቀዳዳ እንዴት እንያት? ለአንዱ የሽንፈት ምልክት ናት፤ ሞተሩ ለመኪናዋ እንደማይሆን ብረቱ ራሱ የተናገረባት አፍ። ለሌላው የብልሃት ምልክት ናት፤ አይቻልም የተባለውን ሰው በአንዲት ቀዳዳ ቻለው። እኔ ሁለቱም የሳቱት ነገር ያለ ይመስለኛል። ግድግዳው የቆመው ሞተርን ከሰው ለመለየት ነው፤ ሙቀቱ፣ ጭሱ፣ ጩኸቱ ከዚያ ወዲያ እንዲቀር። ቀዳዳዋ ያንን ልዩነት አፈረሰች፤ ሞተሩ ከተመደበለት ክፍል አልፎ የሰውየውን ስፍራ ጠየቀ። ይሁን እንጂ ታይገርን የወደዱ ሰዎች የወደዱት ይህንኑ መቀራረብ አይደለምን? በእግራቸው አጠገብ እንዲያ ያለ ጉልበት መኖሩን? በንድፍ ዓይን ጉድለት የሆነው በነጂው ዓይን ጠባይ ይሆናል፤ ጠባይም አንዴ ከተወደደ በኋላ ጉድለት ነው ብሎ ማስረዳት ከንቱ ድካም ነው። መኪናዋ ሰባት ሺህ ገደማ ተሠርታ በ1967 ስትቀር የመቅረቷ ምክንያት እንኳ ከልክ ጋር የተያያዘ ነበር። ፋብሪካውን የጠቀለለው ክራይስለር በተፎካካሪው በፎርድ ሞተር መሸጡን አልፈለገም፤ የራሱ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ደግሞ ዲስትሪቢዩተሩ ከኋላ ስለነበር በዚያ በተጨናነቀ ቦታ አልገባ አለ።

ይህን ጥያቄ ወደ ስም ጥያቄ የሚለውጠው ኤሲ ኤስ የምትባለው መኪና ታሪክ ነው። ቀላልና ደልዳላ የእንግሊዝ መኪና ነበረች፤ ከሁሉ የታወቀችውም በብሪስቶል ሁለት ሊትር ሞተር ነው። የዚያ ሞተር ምርት ሲቋረጥ ሼልቢ ለፋብሪካው ጻፈ፤ በ1962 የፎርድ ሞተር ተገጠመላትና ኮብራ ተባለች። በመጀመሪያ 4.2 ሊትር፣ ቀጥሎ 4.7፣ በመጨረሻ በ1965 ሰባት ሊትር። ለዚህ ለመጨረሻው ግን የቀድሞው ሻንሲ አልበቃም፤ የብረት ቱቦዎቹ ከሦስት ኢንች ወደ አራት ኢንች ወፈሩ፣ ባሌስትራው ቀርቶ ሞላ መጣ፣ የጎማ መሸፈኛዎቹ ተነፉ። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ኤስ መሆኗ የቀረው የት ላይ ነው? ስሙ የተለወጠው በመጀመሪያው ሞተር ነው፤ አጥንቱ የተለወጠው በመጨረሻው። በሁለቱ መካከል የተሠሩት መኪኖች የአንዲቱን አጥንትና የሌላዪቱን ስም ይዘው የሚሄዱ ናቸው። ዛሬ ደግሞ ኮብራ ራሷ ማንም እንዳይነካት የምትጠበቅ ሆናለች። የተደፈረው ተረስቶ ድፍረቱ ቅርስ ሆነ ማለት ነው። ሞተር የሚለውጡ ሰዎች ይህን ሲያነሡ እሰማለሁ፤ «የዛሬው ጥፋታችን የነገ ታሪክ ነው» ማለታቸው ነው። አባባሉ ይማርካል፤ ግን አያሳምነኝም። በ1962 ኤስ ከፋብሪካ እየወጣች ነበር፤ አንዷን ቢለውጧት ሌላዪቱ ትተካለች። ዛሬ ግን የሚለወጠው ከማይተካው ላይ ነው። አንዱ ድርጊት ሁለት ጊዜ ሲደረግ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር አንድ ትርጉም አለው ብሎ ማሰብ ጊዜን ከነገሩ ማውጣት ይሆናል።

ሕግስ ምን ይላል? የእንግሊዝ የተሽከርካሪ ምዝገባ መሥሪያ ቤት ለብዙ ዓመታት ይህን በነጥብ ሲፈታው ነበር። ከመሠረቷ የተቀየረች መኪና የቀድሞ ታርጋዋን ይዛ ለመቀጠል ከ14 ነጥብ ቢያንስ 8 ይፈለግባት ነበር፤ ሻንሲው ወይም ወጥ አካሉ 5 ነጥብ ነበረው፤ ሞላና ባሌስትራው፣ አክስሎቹ፣ ካምቢዮው፣ መሪው እያንዳንዳቸው 2፤ ሞተሩ 1። ልብ ነው እየተባለ የሚወደሰው ሞተር ከሁሉ አንሶ ተገኘ። የእኛ አገር ሊብሬ በበኩሉ የሻንሲውንም የሞተሩንም ቁጥር አንድ ላይ ይጽፋል፤ ሞተር ያስለወጠ ሰው ወረቀቱን ማስተካከል ይጠበቅበታል እንጂ መኪናው ሌላ ነው አይባልም። ሁለቱም ሥርዓቶች የሚነግሩን መኪናዋ የማን እንደሆነች፣ ከትናንቷ ጋር አንድ ሆና ትቆጠር እንደሆነ ነው። ያ ትንሽ ነገር አይደለም። እኔ የምጠይቀው ግን ከዚያ ሌላ ነው። ታርጋዋን ይዛ የቀረች መኪና፣ ስትነዳ ግን ሌላ የሆነች፣ እሷ ናት ወይ?

ስትነዳ አልኩ፤ ምክንያቱም ሐሳቡ ሁሉ ዞሮ የሚያርፈው እዚያ ላይ ስለሆነ ነው። 95 የፈረስ ጉልበት ያላት መኪና ነጂዋን ታስቸግረዋለች፤ በጥሩ ትርጉም ነው የምለው። ዳገቱን ከሩቅ አይቶ ማርሽ መቀነስ አለበት። ከኩርባ ሲወጣ ያጠፋትን ፍጥነት መልሶ ለማግኘት ረጅም መንገድ ስለሚፈጅበት፣ ኩርባው ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱን እንዳያባክን ይጠነቀቃል። ከፊቱ ያለውን መኪና ለመቅደም ጊዜና ቦታ ይመርጣል፤ ሞተሩ ሲለፋ በጆሮው ይሰማል፣ በእግሩ ሥር ይሰማዋል። ትንሹ ሞተር መንገዱን ያተልቀዋል፤ እያንዳንዱ ጉብታ ነገር ይሆናል፣ እያንዳንዱ ኩርባ ውሳኔ ይፈልጋል። ስምንቱ ሲሊንደር ሲገቡ ይህ ሁሉ ይቀላል፤ እግሩን ትንሽ ሲጫን ዳገቱ ዳገት መሆኑ ይቀራል። ሰውየው ከፍጥነት አንጻር አተረፈ። ነገር ግን ያቺን አሮጌ መኪና የገዛት ለምን ነበር? ፍጥነት ቢሆን የፈለገው ዛሬ ያለ ብዙ ገንዘብ የሚገኝ ተራ መኪና ሁሉ ይቀድማታል። የገዛት አዲሶቹ የማይሰጡትን ነገር፣ ያንን መልፋት ፈልጎ ነው። ታዲያ የፈለገውን ካገኘ በኋላ የሚያስወግድበትን መሣሪያ መግጠሙ ምን ይባላል? የትናንትን መልክ ያለ ትናንት ወሰን መመኘት ነው ልል እወድዳለሁ። ሆኖም ይህን ስል የሚቃወመኝ ሐሳብ ከራሴ ውስጥ ይነሣል። ወሰኑ የመኪናዋ ነው ያለው ማን ነው? አቢንግደን 1798 ሲሲ የሰጣት በእጁ የነበረው ያ ሞተር ስለሆነ ነው፤ የእናት ኩባንያው መጋዘን ሌላ ነገር ቢኖረው ሌላ ይሰጣት ነበር። የአካሏ ጥንካሬ ከሞተሯ ያለፈ እንደነበር የሮቨሩ ሞተር ያን ያህል ሳይቸገር መግባቱ ራሱ ያስረዳል። እንግዲያውስ ኮስቴሎ የጨመረባት ነገር የለም፤ ያልተጠቀሙባትን አቅም አወጣላት እንጂ። በአንድ ነገር ውስጥ ሠሪው ያላሰበው አቅም ሊኖር ይችላል፤ ያንን ማውጣት ነገሩን መክዳት ነው ለማለት አፌን አልሞላም።

ስለዚህ ለጊዜው በሚዛን ልፍረድ አልኩ። ክብደቱ በፊትና በኋላ ጎማዎች ላይ የሚያርፍበት መጠን ካልተናጋ፣ ኮፈኑና ግድግዳው ካልተቆረጠ፣ የቀድሞው ሞተርም ተጠብቆ ሊመለስ የሚችል ከሆነ፣ ትልቁ ሞተር መኪናዋን አልነጠቃትም። ይህ ፍርድ የ1973ቷን ያጸድቃል፣ ኤምጂሲን ይኮንናል፣ ታይገርን በቀዳዳዋ ምክንያት ያጠራጥራል። ደስ የሚል ቅደም ተከተል ነው። የሚያናጋው በዛሬ ጊዜ የመጣው ሌላ ሞተር ነው፤ በአሮጌ መኪኖች ላይ የሚገጠመው የኤሌክትሪክ ሞተር። ባትሪዎቹን ከፊትና ከኋላ አከፋፍሎ ሚዛኑን እንዳለ መጠበቅ ይቻላል፤ ብረት ሳይቆርጡ፣ ያወጡትን ሁሉ ለመመለስ እንዲመች አድርገው መሥራትም ይቻላል። ሲሲ የሚባል ነገር የለውም፣ ትልቅ ነው ትንሽ ነው የሚያሰኝ ክርክር አያስነሣም። በእኔ መለኪያ ከኤምጂሲ ይልቅ ታማኝ ነው ማለት ነው። እኔ ግን ይህን ልቀበለው አልቻልኩም። ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽንም ወደ ኤሌክትሪክ የተለወጠች መኪና ጥንታዊ ተብላ እንደማትቆጠር ተናግሯል፤ አውቀው ለሚያደርጉት ደግሞ የወጣውን ሁሉ አስቀምጡ ብሎ ይመክራል። የእሱ ምክንያት የቅርስ አጠባበቅ ነው። የእኔ ምክንያት ምንድን ነው?

ድምፁ ነው እንዳልል የሮቨሩ ሞተር ድምፅም የኤምጂቢ አልነበረም። ነዳጁ ነው እንዳልል ነዳጅ ምን ክብር አለው? ያለኝ መልስ ይህ ብቻ ነው፦ ስምንቱም ስድስቱም አራቱም ሲሊንደር ነጂውን የሚጠይቁት አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው። ማርሽ ምረጥ፣ ፍሪሲዮን ልቀቅ፣ አድምጥ፣ እስኪሞቅ ታገሥ፣ አሁን አይደለም። ስምንቱ ጥያቄውን ያቀልላሉ፣ ስድስቱ ከአፍንጫ ክብደት ጋር ቀላቅለው ያበላሹታል፤ ጥያቄው ግን ያው ነው። የኤሌክትሪኩ ሞተር ጥያቄውን አያቀልለውም፣ አያበላሸውም፤ አይጠይቅም። ይህ እውነት ከሆነ ደግሞ በሚዛን የሰጠሁት ፍርድ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ቀላቅሎ ኖሯል። ሚዛን የሚነግረኝ መኪናዋ ጥሩ ሆና እንደሆነ ነው፤ እሷ ሆና እንደሆነ አይነግረኝም። ያልተሳካው ለውጥ እሷነቷን ሳይወስድባት፣ እጅግ የተሳካው ሊወስድባት ይችላል። ኤምጂሲን የነቀፏት ሰዎች እንዲያ አምርረው ሊነቅፏት የቻሉት እንደ ኤምጂ ስለመዘኗት ነው፤ ኩርባ ውስጥ ስትገባ ከእህቷ ጋር እያስተያዩ። ሚዛኗ ሳይዛነፍ፣ ብረቷ ሳይቆረጥ፣ ድምፅ አልባ ሞተር የገባላትን ኤምጂቢ ዛሬ ብነዳት፣ ብወዳትም ብጠላትም፣ ከየትኛዋ ጋር ነው የማስተያያት?